የጓሮ ጥያቄዎች፦ ኩሱ፣ በጠጡ፣ አዛባውና የትሉ ኮምፖስት

ባለፈው እትም ስለ ችግኝ አፈላል ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። «ኮምፖስት አድርጌ ነበር፤ ነገር ግን...» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ይለያያል። አንዱ ተቃጠለብኝ ይላል፣ አንዷ ቢጫ ሆነብኝ ትላለች፣ ሌላው ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረብኝ ይላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በግብርና ባለሙያነት ዞሬያለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ደብረ ብርሃን ካለችኝ ጓሮ አልተለየሁም። ሰው ለፍቶ፣ ተሸክሞና አገላብጦ ያመጣው ነገር መልሶ አትክልቱን ሲጎዳበት ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ የዚህ ወር ገጽ ሙሉውን የኮምፖስት ነው።

«እትዬ፣ ጠባሴ አካባቢ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ከአንድ የዶሮ እርባታ ሦስት ኩንታል ኩስ በነፃ አግኝቼ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ላይ በተንኩት። በሳምንቱ የቅጠሉ ዳር እሳት እንደነካው ሆኖ ደረቀ። ጎረቤቴ ደግሞ በጆንያ ተሞልቶ የሚሸጥ ኮምፖስት ገዝታ አደረገች። የእርሷ አልተቃጠለም፤ ግን ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። ሁለታችንም ያደረግነው ኮምፖስት ነው። ትክክለኛው የቱ ነው? ለጎመን፣ ለድንችና ለካሮትስ የሚስማማው የትኛው ነው?»

ልጄ፣ የሁለታችሁም ገና ኮምፖስት አልሆነም። ያንቺው ጥሬ ኩስ ነው፤ የጎረቤትሽ ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ጭድ ነው። የጉዳታቸው ምክንያትም ተቃራኒ ነው። ያንቺ ጎመን ከልክ በላይ በልቶ ታመመ፤ የእርሷው ተርቦ ቀጨጨ።

ከኩሱ ልጀምር። ዶሮ እንደ ላም ሽንቷን ለብቻ አትሸናም። ሁሉም በአንድ ስለሚወጣ ኩሷ ቅጠል በሚያሳድገው በናይትሮጅን ከላም፣ ከበግና ከፈረስ ፍግ ይበረታል። ትኩሱ አፈር ላይ ሲበተን ናይትሮጅኑ ወደ አሞንያ ይለወጣል፤ ኩሱን ስትዝቂ ዓይንሽን ያስለቀሰሽ ሽታ እርሱ ነው። ጨውም አለበት። አሞንያውና ጨው ሥሩን ሲያገኙት ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ አፈሩ ረጥቦ እያለ የቅጠሉ ዳር ይደርቃል። ልቡ ያልሞተ ቆስጣ ካለሽ መደቡን በብዙ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቢው፣ ብዙ ጊዜ ያገግማል።

የቀረውን ኩስ ግን እንዳትጥዪው። አንድ እጅ ኩስ ለሁለት ወይም ለሦስት እጅ የገብስ ጭድ አድርገሽ እያፈራረቅሽ ከምሪው። ውኃው ልክ የሚሆነው ከክምሩ አንድ እፍኝ ወስደሽ ጨብጠሽ ስትጨምቂው ከጣትሽ መሐል አንዲት ሁለት ጠብታ ብቻ ስትወጣ ነው። ረዘም ያለ ዱላ እስከ መሐሉ ድረስ ሰክተሽ ተዪው። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መዝዘሽ ጫፉን ያዢው፤ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ይግላል። ያ ሙቀት ቀናት ሲቆይ አብዛኛውን የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስ ይገድላል። ዱላው ሲቀዘቅዝ ዳሩን ወደ መሐል፣ መሐሉን ወደ ዳር አድርገሽ ገልብጪው። በእኛ ብርድ ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈልጋል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ቢሆን በግማሹ ጊዜ ይደርስ ነበር። ሌሊት ላይ ጭድ ወይም ሸራ ደርቢበት።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። ጆንያው ውስጥ ያለውን በእጇ በትና ትየው። የጭዱ አንጓ አሁንም የሚለይ ከሆነ፣ እርጥብ አፈር በመሽተት ፈንታ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው፣ ገና ነው። ጭድ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ሰማንያ እጅ ያህል ካርቦን አለ። አብሳዮቹ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚመቻቸው ሃያ አምስት ሠላሳ ለአንድ ሲሆን ነው። ጭዱን ለመብላት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፣ ከጎመኑ ጋር ይሻማሉ፣ ያሸንፉታልም። ቢጫው ከታችኛው፣ ከአሮጌው ቅጠል የጀመረ ከሆነ ይኸው ነው። የከብት ሽንት ካገኘች አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውኃ በጥብጣ፣ ቅጠሉን ሳታስነካ ከሥሩ ራቅ አድርጋ አፈሩ ላይ ታፍስስ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃል። የተረፈውን ጆንያ ከአዛባ ጋር ደባልቃ እንደገና ትከምረው። የሸጠላት ሰው ምን ያህል ጊዜ እንዳበሰለውና ከምን እንደሠራው ሳትጠይቅ ሁለተኛ አትግዛ።

ከመግዛትም ከማድረግም በፊት የምትፈትኚበትን ዘዴ ልንገርሽ። የሚያስፈልግሽ ፌጦ ብቻ ነው። አንድ ሲኒ ኮምፖስት በአምስት ሲኒ ውኃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪውና በነጠላ ቁራጭ አጥልዪው። ሁለት የሻይ ሰሐን ላይ ሶፍት ወይም ስስ ጥጥ አንጥፊ፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ባጠለልሽው አርሺ። እየቆጠርሽ ሃያ ሃያ ፍሬ ፌጦ ዝሪባቸው። ፍሬው እርጥበት እንደነካው ጥርት ያለ ልፋጭ ይለብሳል፤ ደግ ነው፣ አትንኪው። ክዳን ደፍተሽ ሙቀት ወዳለበት፣ ወደ ምድጃው ጠጋ አድርገሽ አስቀምጪ። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ክፈቺና ጎን ለጎን አስተያዪ። በንጹሕ ውኃ ያለው ነጭ፣ ጸጉራም፣ ቀጥ ያለ ሥር ያወጣል። በኮምፖስቱ ውኃ ያለውም እንዲሁ ከሆነ ኮምፖስትሽ ደርሷል። ግማሹ ካልበቀለ፣ ወይም ሥሩ አጥሮ ጫፉ ቡናማ ከሆነ፣ ችግኝሽንም እንዲሁ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጣሊያናዊው ተመራማሪ ዙኮኒና ባልደረቦቹ የኮምፖስትን መብሰል የሚለኩበትን መንገድ ያሳዩት በዚሁ በፌጦ ነው፤ ዛሬም በብዙ አገር ቤተ ሙከራ ይሠራበታል። እኛ ቤት ለሆድ ቁርጠት የተቀመጠው ፌጦ ይህን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

የትኛው ለየትኛው ላልሽው ደግሞ ጓሮዬ ያሳየኝን ልንገርሽ። አንድ ክረምት አራት መደብ ጥቅል ጎመን ጎን ለጎን ተከልኩ። አንዱ ላይ በደንብ የበሰለ የከብት ኮምፖስት፣ ሁለተኛው ላይ ከጉሮኖ ተቆፍሮ ዓመት የተቀመጠ የበግ በጠጥ፣ ሦስተኛው ላይ ከጭድ ጋር የበሰለ የዶሮ ኩስ አደረግሁ፤ አራተኛውን እንዲሁ ተውኩት። የዶሮው መደብ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጠቆረ፣ ቅጠሉ ሰፋ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያደንቀው እርሱን ነበር። ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጠው ጥቃቅን ተባይ፣ መጀመሪያ የወረደበትም እርሱ ነው፤ ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ይጥመዋል። የበጉ መደብ ዘግይቶ ተነሣ። በጠጥ ጠጣር ስለሆነ ሲፈርስ ቀስ ይላል፤ ጥቅሉን መቋጠር በሚጀምርበት ጊዜ ግን የዶሮውን ደረሰበት። የከብቱ በየትኛውም ሳምንት ቀዳሚ አልነበረም፤ ሲቆረጥ ግን ጥቅሉ ድንጋይ የመሰለ ጠንካራ ነበር።

ያስተማረኝ ግን ተከታዩ ወቅት ነው። ምንም ሳልጨምር አራቱም ላይ ካሮት ዘራሁ። የዶሮው መደብ ምንም ካልተደረገበት ብዙም አልተሻለም፤ ያለውን ሁሉ ለጎመኑ ሰጥቶ ጨርሷል። የከብቱ መደብ አፈር ግን እጅ ሲገባበት እስከ አንጓ ይውጥ ነበር፤ ካሮቱ ቀጥ ብሎ ወረደ። የበጉም ወደዚያው ይጠጋ ነበር።

ስለዚህ ከዶሮ የሚመጣውን፣ ካበሰልሽው በኋላ፣ ለቆስጣ፣ ለጎመንና ለሰላጣ አድርጊው፤ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል። ድንች የከብቱንና የበጉን ይወዳል፣ በካሬ ሜትር ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ። ለካሮትና ለቀይ ሥር በዚያው ወቅት ምንም አትጨምሪ፤ ባለፈው ወቅት ጎመን የበላበትን መደብ ስጪያቸው። ያልበሰለ ጓልና ትኩስ ፍግ ያለበት አፈር ውስጥ ካሮት መንታ ይሆናል፣ ጸጉር ያወጣል። ሌላም ነገር አለ፣ ይህን እንድታስቢልኝ እለምንሻለሁ። ጥሬ ፍግና ኩስ በሙቀት ያልሞተ የበሽታ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል፣ እርሱ የገባበት መደብ ላይ ሳይበስል የሚበላ ነገር፣ ሰላጣም ሆነ ካሮት፣ ቢያንስ አራት ወር ሳይሞላ አይነቀል። ተማሪዎችሽ ቤት ውስጥ ታናናሾች አሏቸውና ለእነርሱም ንገሪያቸው።

«ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ያለነው ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። እኛ አዛባውን ሁሉ ኩበት እናደርገዋለን፤ እንጨት የለም። ባለሙያዎች እየመጡ 'ኩበት አትጠፍጥፉ፣ ኮምፖስት ሥሩበት' ይሉናል። ታዲያ እንጀራው በምን ይጋገር? የኩበቱን አመድስ ድንችና ጎመን ላይ ብደፋው ይበጃል ወይ?»

እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደዚያ ብለው ከመጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። በመንዝ ብርድ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሜ «ኩበት አትጠፍጥፉ» ስል የሰማችኝ አንዲት እናት መልስ አልሰጠችኝም፤ እጇ ላይ ያለውን እበት ጠፍጥፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋ ወደ ቤት ገባች። ያኔ የነገርኳትን ሳይሆን ዛሬ የማውቀውን ብነግራት ይሻል ነበር፤ ለእርስዎ ልንገርዎት።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፣ አፈር የሚያለሰልሰውም አካል አብሮ ይነዳል። አመዱ ውስጥ ፖታሹ፣ ኖራ መሰሉ ነገርና ጥቂት ፎስፈረስ ይቀራል። ስለዚህ አመድ ማዳበሪያ ነው፣ ግን ጎደሎ ነው፤ ቅጠል የሚያሳድገው የለበትም። ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት በካሬ ሜትር አንድ እፍኝ በትነው ከአፈሩ ጋር ቢደባልቁት ይበጃል፣ በተለይ ኮምጣጣ በሆነው ቀይ አፈር ላይ። ድንች ላይ ግን አያድርጉት፤ የድንቹን ልጣጭ የሚያሻክር እከክ በአመድ አፈር ይብሳል። ከትኩስ አዛባ ጋርም አይደባልቁት፤ ወዲያው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፣ ያ ሽታ የሚያመልጠው ናይትሮጅን ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ኩበቱ ይቅርብዎ አልልም። ከላም ከሚወጣው ናይትሮጅን ግማሹ ያህል፣ ከፖታሹ ደግሞ አብዛኛው የሚገኘው በእበቱ ውስጥ ሳይሆን በሽንቷ ውስጥ ነው። ሽንት ደግሞ ኩበት አይሆንም። መሬት ጠጥቶት ይቀራል፣ የበረቱ አፈር እርሱን ሲጠጣ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከብቶቹ የሚያድሩበት ላይ ገለባ፣ የከብት ትራፊ ድርቆሽ፣ የደረቀ አረም ይጎዝጉዙ። ጠዋት እበቱን ከላይ አንሥተው እንደ ወትሮው ኩበት ያድርጉት። ጉዝጓዙን በሳምንት አንድ ጊዜ ይጥረጉና ከበረቱ ኋላ ይከምሩት፤ በየስንዝሩ እፍኝ እፍኝ አፈርና የቤት ጥራጊ ጣል ያድርጉበት፣ ዝናብ እንዳያጥበው ይሸፍኑት። እጅ ሲነካው ሽንት ሽንት የሚለው ያ ጭድ በራሱ ይግላል፣ ሌላ እበት ብዙም አይፈልግም። የበጉን በጠጥ ከምድጃ ማትረፍ ከቻሉ ደግሞ እዚያው ይጨምሩት። ጥቅምት ላይ የጀመሩት ለግንቦት የችግኝ መደብ ይደርሳል።

ለልጅ ልጅዎም አንድ ነገር፦ ይህን መልስ ለጎረቤቶችሽም አንብቢላቸው፣ ከዚያ የሆነውን ጻፊልኝ።

«ሸዋ ሮቢት ላይ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት አመርታለሁ። ዘንድሮ የዶሮ ኩስ ኮምፖስት አበዛሁ፣ በላዩ ዩሪያም ጨመርኩ። ቲማቲሙ እስከ ወገብ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ሆነ፤ አበባው ግን ይረግፋል። ከያዘው ፍሬም አንዳንዱ ታቹ እየጠቆረ ይበሰብሳል። ሽንኩርቱ ትልልቅ ሆኖ ወጣልኝ፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ግን መበስበስ ጀመረ። በሽታ ነው?»

ወንድሜ፣ መድኃኒት ልትገዛ እንዳልሄድክ ተስፋ አደርጋለሁ። የነገርከኝ ሦስቱም ነገር ወደ አንድ ምንጭ ያደላል፣ ናይትሮጅን በዝቷል።

ቲማቲም ጠግቦ ሲበላ ቅጠል ማብቀሉን አይተውም፤ ፍሬ መያዝን ወደ ኋላ ይላል። የቆላው ሙቀት ደግሞ ያግዘዋል። ቀኑ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲያድር አበባው ኮምፖስትም ባይበዛበት ይረግፋል። ስለዚህ የተከላህን ጊዜ ፍሬ መያዙ ከሙቀቱ ብርቱ ወር ጋር እንዳይገጥም አድርገህ ማስተካከል አለብህ። ታቹ የሚጠቁረው ፍሬ በሽታ አይደለም። ካልሲየም ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ መሬቱ አንድ ሳምንት ደርቆ በሚቀጥለው ሲጥለቀለቅ፣ ያ ሁሉ ቅጠልም ውኃውን ወደ ራሱ ሲስብ፣ ፍሬው ይቀርበታል። የመስኖ ተራህ ሩቅ ከሆነ የቲማቲሙን ሥር በሣር ወይም በማሾ ገለባ ሸፍነው፣ እርጥበቱ እንዳይዋዥቅ ያግዝሃል።

ሽንኩርቱን ከመሬት ስታወጣ አንገቱን አይተኸው ነበር? የእጅ አውራ ጣት ያህል የወፈረ፣ እርጥብ፣ ያልተኛ ከሆነ ያ አንገት አይደርቅም፣ ብስባሹም በእርሱ ይገባል። ሽንኩርት ራሱን ማሳበጥ ከጀመረ በኋላ ኩስም ዩሪያም አይሰጠው። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ሲተኛ ውኃ ቁረጥ፣ ነቅለህም በጥላ ስር አንገቱ እስኪጨማደድ አድርቀው።

ለሚቀጥለው ወቅት የዶሮውን ኮምፖስት ወደ ሢሶ አውርደው፤ የቀረውን በከብት ኮምፖስት ተካውና ሁሉንም ከተከላ በፊት ከአፈር ጋር ደባልቅ። ቆላ ላይ ኮምፖስት ቶሎ ይበስላል፣ አፈር ውስጥም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማድረግ በየወቅቱ መጠነኛ ማድረግ ይበልጣል። የዶሮ ኩስ ጨው በመስኖ መሬት ላይ ዓመት ከዓመት እየተጠራቀመ እንደሚሄድም አስብ። የመደብህ ገጽ ሲደርቅ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ካየህበት ኩሱን አንድ ሁለት ወቅት እረፍ።

«ደብረ ብርሃን ውስጥ ስድስት ሆነን ተደራጅተን ቀይ ትል እናረባለን። መስከረም ላይ ደህና ነበሩ፤ ከኅዳር ወዲህ አይበሉም፣ አይራቡም። ደግሞ ገበሬዎች ችግኙን በትል ኮምፖስት ብቻ እናፍላ ወይ ይሉናል። ምን እንመልስ?»

ልጆቼ፣ በርቱ። ትሎቻችሁ በርዷቸው ነው። ቀይ ትል የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ነው፤ ከአሥር ሲወርድ አፉን ይዘጋል። የእኛን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ሳጥኑን ከበረት ጋር ግድግዳ ወደሚጋራ ክፍል አስገቡት፣ ስንዝር የሚሆን ጭድ አልብሱት፣ ቀን ፀሐይ ባለበት ክፈቱት። ሊያሞቃቸው ይችላል ብላችሁ ትኩስ የዶሮ ኩስ እንዳትጨምሩባቸው፤ አሞንያው በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል። በቆዳቸው ነው የሚተነፍሱት።

ለገበሬዎቹ፦ ብቻውን አይሁን በሏቸው። የትል ኮምፖስት ለችግኝ ከማውቀው ሁሉ የተሻለ ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ሥር ቶሎ የሚያገኘው ምግብ አለው፣ ቲማቲምና ጎመን ችግኝ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ግን አንድ እጁ ለአምስት ወይም ለአሥር እጅ አፈር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲበዛ ችግኙ ይቆረቁዛል እንጂ አይፈጥንም። ደግሞ ትል እንደ ክምር አይግልም፤ አረም ያለበትን ሣር እንዲሁ ከሰጣችኋቸው ዘሩ በሕይወት ይወጣል። ለትሎቹ የምትሰጡትን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ከምራችሁ አግሉት፣ ሲቀዘቅዝ ስጧቸው።

«እነዋሪ ነኝ፣ መሬቴ ዋልካ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ድንች እተክላለሁ። ዩሪያ ተወደደ። ስንት ኩንታል ኮምፖስት አንድ ኩንታል ዩሪያን ይተካል?»

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በደንብ የተሠራ ደረቅ ኮምፖስት በኩንታል አንድ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ኪሎ ይይዛል። በቁጥር ብቻ ቢሄዱ ከ30 እስከ 46 ኩንታል ማለት ነው። ከዚያም ላይ ኮምፖስቱ በመጀመሪያው ወቅት የሚለቀው የያዘውን ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ለሚመጣው ዓመትና ከዚያም ወዲያ ይቆያል። ስለዚህ «ይተካል» ብሎ የሚነግርዎት ሰው ካለ፣ ለሰፊ ማሳ ያን ያህል ኮምፖስት ከየት እንደሚያመጡ አላሰበውም።

ለዋልካ ግን ዩሪያ የማይሠራውን ይሠራል። ሲርስ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር ነው የእርስዎ። የነጭ ሽንኩርት ሥር እዚያ ውስጥ በክረምት ይታፈናል፣ በበጋ ይበጠሳል። የበሰለ የከብት ኮምፖስት በየዓመቱ ሲገባበት ጓሉ በጣት የሚፈርስ ይሆናል፣ ውኃው ይወርዳል፣ ዩሪያውም ከውኃ ጋር ታፍኖ ወደ አየር አይባክንም። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውንና የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የቆሙለትን የኮምፖስት ሥራ በሥራ ዘመኔ በቅርብ ስከታተል ነበር። እዚያ ኮምፖስት ያደረጉ ገበሬዎች ማዳበሪያ ካደረጉት ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ እህል አፍሰዋል። ያም የሆነው በአንድ ዓመት አይደለም።

እኔ ብሆን ኮምፖስቱን ማሳው ሁሉ ላይ አሳስቼ አልበትነውም። ከቤቱ አጠገብ አሥር በአሥር ሜትር ለክቼ፣ ሁለት ሦስት ኩንታል እዚያ ላይ ብቻ አደርጋለሁ፤ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጌ ነጭ ሽንኩርቱን እዚያ እተክላለሁ። እዚያች ቦታ ላይ የዩሪያውን መጠን ወደ ግማሽ ያውርዱና ተክሉን ይዩት። በሚቀጥለው ዓመት ቀጥላ ያለችውን አሥር በአሥር ይጨምሩ።

«ከአንኮበር ነኝ። ግቢዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶታል። ኮምፖስት ይሆናል?»

ብቻውን አይሆንም። ዘይቱ እንዳይበሰብስ ይይዘዋል፣ ውኃውም ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል። በፌጦው ሰሐን ሞክረው፣ ራስህ ታየዋለህ። ከክምሩ ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ አድርገህ፣ በደንብ አድቅቀህ፣ ከአዛባና ከለምለም ነገር ጋር ብታበስለው ጉዳት የለውም። ግራዋ በአጥርህ ካለ ቅጠሉ ከዚህ ሁሉ ይሻልሃል። ትሪ ሉሰርን የተከለ ጎረቤት ካለህም ቅርንጫፉን ሲመለምል ለምነው፤ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዝ ዛፍ ነው፣ ክምሩ ውስጥ ገብቶ በሁለተኛው ቀን ዱላህን ያግለዋል።